የአሳማዋ አራስ ቤት



እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የአሳማ ሥጋ ቤታችን አይገባም። ስለዚህ «ስለ አሳማ ወሊድ ሊወራብን ነው» ብሎ ቅር ያለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ርዕሱን የመረጥኩት ግን ስለ ሥጋው ለማውራት አይደለም። አንዲት እናት እንስሳ ከነልጆቿ በምን ዓይነት ቤት ብትኖር ይሻላል የሚለው ጥያቄ እንደ አሳማ የከረረበት የቤት እንስሳ የለም። ነገሩ ከተመራማሪዎች እጅ ወጥቶ ፓርላማና ፍርድ ቤት ደርሷል። ዶሮ የሚያረባም ሆነ ላም የሚያልብ ሰው ከዚህ የሚወስደው ነገር አያጣም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከብረቱ ልጀምር። በዘመናዊ እርባታ ከሚገኙት እናት አሳማዎች አብዛኞቹ የሚወልዱትና የሚያጠቡት በጠባብ የብረት ጋጣ ውስጥ ነው። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከ200 ኪሎ በላይ የምትመዝን እንስሳ እዚያ ውስጥ ትቆማለች፣ ትተኛለች፣ አንድ እርምጃ ወደፊት አንድ እርምጃ ወደኋላ ትላለች። መዞር ግን አትችልም። መውለጃዋ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ትገባለች፤ ግልገሎቿ ጡት እስኪጥሉ፣ ማለትም አሜሪካ ከሆነች 3 ሳምንት፣ አውሮፓ ከሆነች 4 ሳምንት ያህል እስኪሞላቸው ድረስ አትወጣም። ግልገሎቹ በብረቱ ሥር እየሾለኩ ይጠባሉ፤ ሲጠግቡ ጎን ላይ በተተወላቸው ቦታ፣ ከሙቀት አምፖል ሥር፣ ተደራርበው ይተኛሉ። እናትየዋ በጅራቷ በኩል ያለውን ልጇን ላሽትት ብትል አፍንጫዋ አይደርስም።

ይህን ጋጣ የሠሩት ሰዎች ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም። የአሳማ ነገር ከሌላው እንስሳ የሚለይበት አንድ ስሌት አለ። ጥጃ ሲወለድ የእናቱን ክብደት አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ይመዝናል። የአሳማ ግልገል ግን ሲወለድ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከእናቱ ክብደት ከ150 አንድ እጅ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው ነው የሚመጡት። ገና የተወለደ ግልገል ብርድ አይችልም፤ ጠጉሩ ስስ ነው፣ ሌሎች አራስ እንስሳት በሰውነታቸው ሙቀት የሚያመነጩበት ልዩ ስብም የለውም። ስለዚህ ሙቀት ፍለጋ ወደ እናቱ ሆድ ይጠጋል። እናቱ ስትነሳና ስትተኛ ከሥሯ የተገኘው ይጨፈለቃል። ጡት ሳይጥሉ ከሚሞቱት ግልገሎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነው።

ብረቱ በ1960ዎቹ በስፋት ሲገባ የተሰጠው ምክንያት ይህ ነበር፤ እናትን ማሰር፣ ልጆችን ማዳን። ሌሎች ጥቅሞችም ተከትለው መጡ። አንድ ሠራተኛ ብዙ እናቶችን መጠበቅ ቻለ፤ ቦታ ተቆጠበ፤ ወለሉ በውኃ ይታጠባል፤ ግልገሉን አንስቶ መርፌ የሚወጋው ሰው አይነከስም። (አራስ ነብር እያልን እንፈራለን እንጂ፣ አራስ አሳማ ያባረረችው ሰው የሚናገረው ሌላ ነው።) አርቢው ከብረቱ ጋር የተጣበቀው በእንዲህ ያሉ ተጨባጭ ምክንያቶች ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ከአርቢ ጋር መነጋገር አይችልም።

እኔ ግን እዚያ ስሌት ውስጥ አንድ ነገር ሳይቆጠር ቀርቷል ብዬ አምናለሁ። እናትየዋ ራሷ ለልጆቿ ደኅንነት የምትሠራው ሥራ አለ፤ ጋጣው ከክብደቷ ጋር አብሮ ሥራዋንም አሰረው።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ያወቅነው አሳማዎችን ወደ ሜዳ በመልቀቅ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በስኮትላንድ ኤድንብራ አሌክስ ስቶልባና ዴቪድ ውድገሽ የተባሉ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪዎች ከተራ እርባታ የመጡ አሳማዎችን ጥድ፣ ቁጥቋጦ፣ ጅረትና ረግረግ ባለበት ግቢ ውስጥ ለቀው የሚያደርጉትን ይመዘግቡ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ስዊድን ውስጥ ፔር የንሰን ተመሳሳይ ሥራ በእናቶች ላይ ብቻ አተኩሮ ሠራ። ሁለቱም ቦታ የታየው አንድ ዓይነት ነበር። እነዚህ እንስሳት የተዳቀሉ፣ ለሥጋ የተመረጡ፣ ለትውልዶች በሰው ቤት የኖሩ ናቸው፤ ሆኖም ደጅ ሲወጡ አደራረጋቸው እንደ ዱር ዘመዶቻቸው ሆነ።

መውለጃዋ አንድ ቀን ሲቀረው አሳማዋ ከመንጋው ትለያለች። ቦታ ፍለጋ ኪሎ ሜትሮችን ትጓዛለች። የምትመርጠው ከንፋስ የሚከልል ነገር ያለበትን፣ ግን ከፊት ለፊት አሻግራ ማየት የምትችልበትን ነው። ቦታው ሲገኝ በአፍንጫዋ እየማሰች፣ በፊት እግሯ እየጫረች ጎድጓዳ ታበጃለች። ከዚያ ሣር መንጨት፣ ቅጠል መሰብሰብ፣ ቅርንጫፍ ነክሶ መጎተት ይጀምራል። ጠንካራውን ዙሪያውን ትደረድራለች፤ ለስላሳውን መሃል ትጎዘጉዛለች። ገብታ ትዞርበታለች፤ ካልጣማት ወጥታ ሌላ አፍ ሙሉ ሣር ይዛ ትመለሳለች። ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ግልገል ሊመጣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ሁሉንም ትታ በጎኗ ትጋደማለች፤ ከዚያ በኋላ ምጡ እስኪያልቅ ድረስ እምብዛም አትንቀሳቀስም። እንደ ላምና እንደ በግ ልጇን አትልስም። ግልገሎቹ ራሳቸው እየተንገዳገዱ ጡት ያገኛሉ። ጎጆው ብርዱን ስለከለለላቸው፣ እናትም ረግታ ስለተኛች፣ የመጀመሪያው ሌሊት በሰላም ያልፋል።

እዚህ ላይ «አሳማዋ ደጅ ስለሆነች ጎጆ ያስፈልጋታል፤ ቤት ውስጥ ሙቀቱን አምፖሉ ይሰጣታል፤ ታዲያ ጎጆ ምን ያደርግላታል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ደሟ ውስጥ ነው ያለው። ጎጆ የመሥራቱ ግፊት የሚመጣው ከብርዱ ሳይሆን ወሊድ ሲቃረብ ደም ውስጥ ከሚንሩት ሆርሞኖች፣ በተለይም ከፕሮላክቲን ነው። ስለዚህ አምፖሉ በራ አልበራ፣ ገለባ በዓይኗ አይታ የማታውቅ የመጀመሪያ ወላድም ብትሆን፣ ሰዓቱ ሲደርስ ትጀምራለች። ብረት ውስጥ ያለችው አሳማ በዚያ ሌሊት ሲሚንቶውን በሰኮናዋ ትጭራለች፤ የሌለውን አፈር በአፍንጫዋ ትምሳለች፤ የፊቱን ብረት ታኝካለች፤ ትነሳለች፣ ትተኛለች፣ ደግማ ትነሳለች። ደሟ ሲመረመር ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ልቅ ከሆኑት እናቶች ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ነገሩ ጭንቀት ላይ ብቻ አይቆምም። ምጥን የሚያፋጥነውና ወተትን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ነው። ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ጋጣ ውስጥ የሚወልዱ አሳማዎች ምጣቸው ጉረኖ ውስጥ ልቅ ከሚወልዱት እንደሚረዝም፣ ጎጆ መሥሪያ የቀረበላቸው ደግሞ ኦክሲቶሲናቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ምጥ ሲረዝም መጨረሻ ላይ የሚመጡት ግልገሎች አየር ያጥራቸዋል፤ ሞተው ወይም ደክመው ይወለዳሉ። የደከመ ግልገል ጡት ጋ ሳይደርስ ይበርደዋል። የበረደው ደግሞ እናቱ ሥር ይወሸቃል፣ ስትተኛም አይሸሽም።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ተጨፍልቆ ሞተ» ተብሎ የተጻፈው ግልገል ሞቱ የጀመረው ከመጨፍለቁ ሰዓታት በፊት ሊሆን ይችላል።

ስለ መጥባቱ ደግሞ ልንገራችሁ፤ በዚህ ርዕስ ውስጥ እኔን በጣም የሚገርመኝ ክፍል ነው። በምጡ ሰዓት እንገሩ ያለማቋረጥ ይገኛል፤ ግልገሉም በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ካልጠጣው በሽታ መከላከያ ሳይኖረው ይቀራል። ይህ ከጥጃ ጋር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአሳማ ጡት እንደ ላም ጡት ወተት አጠራቅሞ የሚያቆይ ጓዳ የለውም፤ ግልገል በፈለገው ሰዓት ቢስበው አይመጣም። እናትየዋ በየአንድ ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባጠረ ጊዜ፣ በጎኗ ተጋድማ ማንኮራፋት የመሰለ ዝግ ያለ ድምፅ ታሰማለች። ግልገሎቹ ከያሉበት ይሮጣሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እያንዳንዱ የራሱ ጡት አለው፤ የፊተኞቹ ጡቶች የጉልበተኞቹ ናቸው፤ የሌላውን የነካ ይነከሳል። በአፍንጫቸው ጡቱን ያሻሉ። እናትየዋ ድምፅዋን ቀስ በቀስ፣ ከዚያ በድንገት ታፈጥነዋለች። ድምፁ ሲፈጥን ግልገሎቹ ማሸቱን ትተው ዝም ይላሉ፤ ጡታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ ወተቱ ይመጣል፤ የሚፈሰውም ለ20 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ያ ያመለጠው እስከሚቀጥለው ሰዓት ጾሙን ይውላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተመሠረተው በመስማት ላይ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቡ አልገርስና ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የንሰን የእርባታ ቤት የአየር ማራገቢያ የሚያሰማውን ዓይነት የማያቋርጥ ጩኸት ከፍተው የግልገሎቹን አጠባብ ተከታተሉ። ጩኸቱ የእናትንና የልጆችን ምልልስ አበላሸው፤ ግልገሎቹ ጡቱን የሚያሹት አነሰ፤ የሚያገኙት ወተትም ቀነሰ። የእንስሳት ቤት ሲባል ስለ ግድግዳና ስለ ወለል ብቻ ለምናስብ ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ያ ማራገቢያ ክረምት ከበጋ ሲጮህ የሚውልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

ቀናት ሲያልፉ ደግሞ የእናትየዋ ፍላጎት ይገለበጣል። ሜዳ ላይ ያለችው አሳማ አሥር ቀን ገደማ ሲሆናት ጎጆዋን ትታ ልጆቿን አስከትላ ወደ መንጋው ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ የምታጠባበት ጊዜ እየራቀ ይሄዳል፤ ሲበዙባት በሆዷ ትተኛለች ወይም ተነስታ ትሄዳለች። ሙሉ በሙሉ ጡት የሚጥሉት ከ3 ወር በኋላ ነው። ብረት ውስጥ ያለችው ግን የምትሄድበት የላትም። የግልገሎች ጥርስ ሲወለዱ ጀምሮ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ብዙ እርባታዎች የጡቱንና የወንድማማቾቹን ፊት ቁስል ለመቀነስ ጥርሱን በመቁረጫ ይቆርጡታል። የከሳች እናት በጠንካራ ወለል ላይ በአንድ ጎን ብዙ ስትተኛ ትከሻዋ አጥንት ላይ ይቆስላል። በአጭሩ፣ መጀመሪያ ከዓለም ተነጥላ ከልጆቿ ጋር መሆን ትፈልጋለች፤ በኋላ ከልጆቿ ትንሽ ፋታ ትፈልጋለች። ጋጣው ሁለቱንም ከልክሏታል።

ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ፤ ብረቱ ከተነሳ ግልገሎቹ ያልቃሉ ወይ?

ልቅ የሆነች እናት እንዴት እንደምትተኛ በቅርብ ያየ ሰው መልሱን በከፊል ያገኛል። ዝም ብላ አትወድቅም። መጀመሪያ ገለባውን እያሸተተች ትዞራለች፤ እየዞረች ታንኮራፋለች። ተኝተው የነበሩት ግልገሎች ነቅተው ይሰበሰባሉ። ቀጥላ በፊት ጉልበቶቿ ላይ ትንበረከካለች፤ ትከሻዋን ግድግዳ ካገኘች ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ የኋላ አካሏን ቀስ ብላ ታወርዳለች። ግልገል ከሥሯ ቢጮህ የምትነሳ አለች፤ የማትነሳም አለች። ኖርዌይ ውስጥ ኢንገር ሊሰ አንደርሰን ከባልደረቦቿ ጋር ልቅ የሆኑ እናቶችን አወዳድራ ነበር። ልጆቻቸውን ያልጨፈለቁት ይበልጥ ጎጆ የሠሩ፣ ልጆቻቸውን በአፍንጫቸው ደጋግመው የሚነኩ፣ ለግልገል ጩኸት ፈጥነው ምላሽ የሚሰጡ ሆነው ተገኙ። መጨፍለቅ አደጋ ብቻ አይደለም፤ የእናትነት ችሎታ አለበት፤ ችሎታውም የሚታየው ለመዞር ቦታ፣ ለመጎዝጎዝ ገለባ፣ ለመደገፍ ግድግዳ ሲኖር ነው።

ትልቁ ማስረጃ የመጣው ከስዊዘርላንድ ነው። አገሪቱ በ1997 ጋጣውን ለማስቀረት ወስና ለአርቢዎች የ10 ዓመት ጊዜ ሰጠች፤ በ2007 ግዴታ ሆነ። በመሃሉ፣ አንዳንዱ አርቢ ብረቱን ነቅሎ ሌላው ሳይነቅል፣ ሮላንድ ቬበርና ባልደረቦቹ ከ600 በላይ እርባታዎችንና ከ60 ሺህ በላይ ወሊዶችን መዝገብ አነጻጸሩ። ጉረኖ ውስጥ ተጨፍልቀው የሞቱት በርግጥ ትንሽ በዝተው ተገኙ። በሌላ ምክንያት የሞቱት ግን አንሰው ተገኙ። ድምሩ በሁለቱም ቤት በአማካይ በአንድ ወሊድ 1.4 ግልገል ሆነ። ያን ሁሉ ብረት የበየድነው የሞቱን ምክንያት ከአንድ ዓምድ ወደ ሌላ ዓምድ ለማዛወር ነበር ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ይዛችሁ ግን ዘልላችሁ እንዳትወጡ። እነዚያ ጉረኖዎች በደንብ የታሰቡ ነበሩ፤ የስዊዘርላንድ ሕግ ለአንዲት እናት ቢያንስ 5.5 ካሬ ሜትር ይጠይቃል። በአንድ ወሊድ የሚመጡት ግልገሎችም ዛሬ ዴንማርክ ውስጥ ከምናየው ያነሱ ነበሩ። ብረቱን ነቅሎ እናትየዋን በዚያው በጠባቡ፣ በሚያንሸራትተው ፍርግርግ ወለል ላይ መልቀቅ ግልገል ማስፈጀት ነው። ሙከራው ከሽፎባቸው «አየነው፣ አይሠራም» ያሉ አርቢዎች አንዳንዶቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ዴንማርክን ካነሳን ስለ ዝርያው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ለአሥርት ዓመታት የአሳማ ዝርያ ማሻሻያ ዓላማው አንዲት እናት በአንዴ የምትወልደውን ቁጥር ማብዛት ነበር። ዛሬ የዴንማርክ እናት አሳማ በአማካይ ከ17 በላይ ነፍስ ያላቸው ግልገሎች ትወልዳለች፤ የጡቷ ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 16 ነው። ቁጥሩ ሲበዛ እያንዳንዱ ግልገል ይቀጭጫል፣ ምጡም ይረዝማል። ዴንማርኮች ጉዳቱን አይተው ከ2004 ጀምሮ የሚመርጡት በወሊድ ቀን በተቆጠረው ሳይሆን በአምስተኛው ቀን በሕይወት ባለው ግልገል ሆኗል። ጥሩ እርምት ነው፤ ሆኖም ቁጥሩ ወደላይ መውጣቱን አላቆመም። ቤቱን እያሻሻሉ ለእናትየዋ ከጡቷ በላይ ልጅ መጫን አንድ እጅ የሠራውን በሌላው እጅ ማፍረስ ይመስለኛል።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ሰው የሚያውቀው የእንግሊዙ የብራምቤል ኮሚቴ በ1965 ያወጣውን ዘገባ ነው፤ ማንኛውም እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ራሱን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት ይቻለው የሚለውን። ከአምስቱ አንዱ መዞር ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች አብዛኞቹ የሚያጠቡትን እናቶች በልዩ ሁኔታ አልፈዋቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ እርጉዝ አሳማዎች ከመጀመሪያው 4 ሳምንት በኋላ በቡድን ልቅ እንዲያዙ አስገደደ፤ የወሊድ ጋጣውን ግን አልነካም። ካሊፎርኒያ በ2018 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 ያጸናላት ሕግ ለእርባታ አሳማ መዞሪያ ቦታ ያዛል፤ ከመውለዷ በፊት ያሉትን 5 ቀናትና የምታጠባበትን ጊዜ ግን ነፃ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ በኅብረቱ መመሪያ ውስጥ ያለች አንዲት ሐረግ ናት። ከወሊድ በፊት ባለው ሳምንት ለእናትየዋ ጎጆ መሥሪያ በበቂ መጠን ይሰጣት ይላል፤ ከዚያ ይቀጥልና፣ የእርባታው የፈሳሽ ፍግ ማስወገጃ የማይፈቅድ ካልሆነ በቀር ይላል። እስኪ አስቡት። በዘመናዊው ቤት ወለሉ ፍርግርግ ነው፤ ሽንቱና ፋንድያው ከሥር ወዳለ ጉድጓድ ይወርድና በፓምፕ ይሳባል። ረጅም ገለባ ከገባበት ቧንቧው ይደፈናል። ስለዚህ ገለባ የለም፤ ሕጉም ይቀበላል። አሳማዋ በዚያ ሌሊት ሲሚንቶ የምትጭረው ሳይንሱ ስላልታወቀ አይደለም፤ ቧንቧው ስለቀጠነ ነው።

ቧንቧውን ማሸነፍ እንደሚቻል ያሳየችው ስዊድን ናት። እዚያ ነገሩን የሕዝብ አጀንዳ ያደረገችው የልጆች መጻሕፍት ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን ነበረች። ዕድሜዋ ወደ 80 ሲጠጋ ከእንስሳት ሐኪሟ ክሪስቲና ፎርሽሉንድ ጋር ሆና ስለ ላሞች፣ ስለ አሳማዎችና ስለ ዶሮዎች በጋዜጣ ትጽፍ ጀመር። በ1987 በ80ኛ ዓመት ልደቷ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንግቫር ካርልሰን ቤቷ ድረስ ሄደው የአዲስ ሕግ ተስፋ ሰጧት። ሕጉ በ1988 ወጣ። አሮጊቷ ግን አልተደሰተችም፤ ጥርስ የለውም ብላ ተቸችው። ለማንኛውም ከዚያ ወዲህ በስዊድን እናት አሳማ የምትወልደው ልቅ ሆና፣ ገለባ ባለበት ጉረኖ ውስጥ ነው። አርቢዎቹና መሐንዲሶቹ ሰፋ ያለ ቦይና ገለባ የሚጠርግ መሣሪያ አበጁ። የግልገል ሞት ዛሬም ራስ ምታታቸው ነው፤ ቢሆንም ወደ ብረቱ አልተመለሱም።

ጀርመን በ2021 ባወጣችው ደንብ የ15 ዓመት መሸጋገሪያ ሰጥታ ጉረኖው 6.5 ካሬ ሜትር እንዲሆንና እናት ከ5 ቀን በላይ እንዳትታሰር ወስናለች። በ2021 የአውሮፓ ኮሚሽን እርባታ እንስሳትን በጋጣ ማሰር ይቁም የሚል 1.4 ሚሊዮን ፊርማ የቀረበበትን ጥያቄ ተቀብሎ በ2023 መጨረሻ ረቂቅ ሕግ አቀርባለሁ አለ። ረቂቁ ግን በተባለው ጊዜ አልቀረበም።

በመሃል ያለው መንገድ የሚከፈትና የሚዘጋ ብረት ነው። ጉረኖው ሰፊ ሆኖ በአንድ ጥግ ላይ ተጣጣፊ በር ይሠራለታል። እናትየዋ ጎጆዋን ስትሠራ ልቅ ናት፤ የመጨረሻው ግልገል ከተወለደ በኋላ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ይዘጋባታል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። የዴንማርክ ጥናቶች በእነዚህ ቀናት መዝጋት ሞትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እኔ ይህን ለትልልቅ ወሊዶች ምክንያታዊ ስምምነት አድርጌ አየዋለሁ፤ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ብዙ ሠራተኛ ለራሱ ስለሚመቸው ብረቱን ከወሊድ በፊት ይዘጋዋል። ያኔ የጎጆውን ሌሊት ይወስድባታል፤ ስምምነቱ ያተርፍላት ከነበረው ዋናውም ያ ሌሊት ነበር። ሌላም አለ፤ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ጥናት ከወሊድ ወሊድ በአንድ ዓይነት ቤት የቆየች እናት ቤት ከሚቀያየርባት ይልቅ ጥቂት ልጆች እንደምታጣ አሳይቷል። እሷም ልምድ ትሰበስባለች።

ግልገሎቹስ? ሰፊ ጉረኖ ውስጥ ከእናታቸው ጋር የሚበሉ ግልገሎች ምን መብላት እንዳለባቸው ከእሷ ይማራሉ፤ በዚህ ላይ የኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተደጋጋሚ ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ ጡት ሲጥሉ ለአዲሱ መኖ ባይተዋር አይሆኑም፤ ከሌላ እናት ልጆች ጋር ቀድመው የተዋወቁትም በኋላ ሲቀላቀሉ ጠባቸው ይቀንሳል።

ወደ እኛ አገር ልምጣና ላብቃ። ቢሾፍቱና አዲስ አበባ ዙሪያ አሳማ የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ገበያቸው ሆቴሎችና የውጭ ዜጎች ናቸው። ለማስፋፋት ላሰበው የምለው፣ ብረት ለበያጅ ከማዘዙ በፊት ወለሉን ያስብ ነው። እኛ ጋ ፍርግርግ ወለልና ፓምፕ እምብዛም ስለሌለ የአውሮፓው ቧንቧ አያስቸግረንም። የሚያስቸግረን ገለባው ነው፤ ጭድ የከብት መኖ ነው፣ ዋጋውም የማይቀመስ ሆኗል። አሳማዋ ግን ጭድ ካልሆነ አትልም። ከብት የማይበላው ሻካራ ሰንበሌጥ፣ የደረቀ የሙዝ ቅጠል፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ፣ እሱም ከጠፋ አሮጌ ጆንያ ቀዳ የምትጎትተው ይበቃታል፤ ዋናው ረጅምና በአፍ የሚያዝ መሆኑ ነው። መውለጃዋ ሁለት ቀን ሲቀረው ይቅረብላት።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። እናትየዋ የሚመቻት 20 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ነው፤ በላብ ራሷን ማቀዝቀዝ ስለማትችል ሲሞቃት መብላት ታቆማለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። አዲስ የተወለደ ግልገል ደግሞ 34 ዲግሪ ይፈልጋል። አንድ ክፍል ሁለቱን ማስደሰት አይችልም። ስለዚህ ጉረኖው ነፋስ የሚገባበት ይሁን፤ በአንድ ጥግ ግን ክዳን ያለው፣ ግልገል ብቻ የሚሾልክበት፣ ደረቅ ጉዝጓዝ የተነጠፈበት ሳጥን ይሠራ። የደጋ ሌሊት እንደ ቀኑ አይደለም። በሁለቱ ግድግዳ ግርጌ ሰያፍ ሳንቃ ቢመታ እናትየዋ ተደግፋ ትወርድበታለች፤ ከሳንቃው ሥር ያለው ክፍተትም ለግልገል ማምለጫ ይሆናል።

የጉረኖውን ልክና አቀማመጥ ሰሌዳው ላይ እስለዋለሁ። ስለ ወጪው ወይም ስለ ሳጥኑ አሠራር ጥያቄ ያላችሁ፣ እጃችሁን አውጡ።